የጴጥሮስ ሰይፍ በመንገድ ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስካር ኃጢአት መሆኑን ብዙ ጊዜ ተምረናል። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ እንዴት እንደ ተራቈተ፣ ሎጥም በስካሩ ሌሊት ምን እንደ ደረሰበት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስካርን ተከትሎ ስለሚመጣው ሁለተኛ ጥፋት ነው። ይኸውም ጠጥቶ መኪና ሲነዳ የተያዘ ሰው «አልያዝም»፣ አብረውት ያሉትም «አናስይዝም» ብለው ከሕግ አስከባሪ ጋር ስለሚገጥሙት ግብግብ ነው።

ነገሩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራ ከመድረሱ በፊት በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ሐይቁን ሊያይ የመጣ እንግዳ፣ ሙሽራ የሚያጅብ ሚኒባስ፣ ከሰል የጫነ አይሱዙ፣ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ፣ ሁሉም የሚገናኙት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በክረምት ጉም ሲወርድ ያልጠጣ ሾፌር እንኳ ፊቱን አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር ደግሞ ጠላውም አረቄውም ይበዛል። ፈረስ ጌታው ቢሰክር መንገዱን ያውቃልና ቤቱ ያደርሰዋል፤ መኪና ግን ዓይንም ልብም የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ፖሊስ የመዘገበው የትራፊክ አደጋ ሞት ከ4,300 በላይ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ቁጥር ግን ከ27,000 ይበልጣል። እንግዲህ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ነፍቶ ሲያስቆመን የሚጠብቀው የእኛንም የእግረኛውንም ነፍስ መሆኑን እንወቅ።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? ጠጥቶ የነዳ ሰው ማንንም ሳይጎዳ ቢያዝ፣ ጉዳዩ በገንዘብ መቀጮና በመንጃ ፈቃዱ ላይ በሚወሰድ ርምጃ ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን ፖሊሱን ቢገፋ፣ ቢዝት ወይም ቢመታ ሌላ ክስ ይጨመርበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የመንግሥትን ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በኃይል ወይም በዛቻ ማሰናከልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ቀላል እስራት ማለት እንደ ደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። የአካል ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በእጅ አዙር ገንዘብ ሸጎጥ ለማድረግ መሞከርም ጉቦ ነውና ሦስተኛ ክስ ይወልዳል። «ሰክሬ ነበር፣ ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም» ማለትም ማምለጫ አይሆንም፤ በፈቃዱ ጠጥቶ ራሱን ያሳተ ሰው በሕጉ ከተጠያቂነት ነጻ አይወጣምና። እንዲያውም በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኛነት ሰው የገደለ እንደ ሆነ ሕጉ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ደንግጎበታል። ያን ሾፌር አስቁሞ የያዘው ፖሊስ ከዚህ ሁሉ መዓት አድኖታል ማለት ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «እኔ አልጠጣም፤ መኪናም የለኝም፤ ይህ ትምህርት አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፣ ይልቁንም የሚመለከተው አንተን ነው። በእኛ ዘንድ ወንድም ወይም ጓደኛ ሲያዝ ቆሞ ማየት እንደ ፍርሃት ይቈጠራል። ሾፌሩ ዝም ብሎ ሲሄድ፣ ከኋላ ወንበር ወርዶ የፖሊሱን እጅ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ጓደኛው ነው።

በጌቴሴማኒም የሆነው ይኸው ነበር። በዚያች ሌሊት ሰይፍ የመዘዘ የተያዘው ጌታ አይደለም፤ ወዳጁ ስምዖን ጴጥሮስ ነው። የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቈረጠ። ያደረገው ከፍቅር የተነሣ መሆኑን ማንም አይክድም። ጌታችን ግን ሰይፉን እንዲመልስ አዘዘው፤ ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈልንም ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰው። ልብ በሉ፤ የተያዘው ንጹሑ በግ ነበር፤ አያያዙም የግፍ ነበር። ለንጹሑ ጌታ እንኳ ሰይፍ ካልተፈቀደ፣ ጠጥቶ መሪ ለጨበጠ ሰው ቡጢ እንዴት ይፈቀዳል?

ደግሞም የዚያ ሰይፍ ነገር በአትክልቱ ስፍራ አላበቃም። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 18 አንብቡ። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ፣ ከጌታ ጋር አይቶት እንደ ነበር በመጨረሻ የጠየቀው የማልኮስ ዘመድ ነው። ያን ጊዜ ጴጥሮስ ካደ፤ ዶሮም ጮኸ። ጌታውን ሊያድንበት የመዘዘው ሰይፍ ጌታውን አላዳነም፤ በእርሱ በራሱ ላይ ግን መስካሪ አስነሣበት። እኛም ጓደኛችንን በጉልበት ለማስጣል ስንሞክር እርሱን አናስፈታውም፤ በመቀጮ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ የሁለት ቤት ልቅሶ እናደርገዋለን።

ታዲያ ክርስቲያን ቢበደልም ዝም ይበል ማለት ነውን? አይደለም። ጌታችን በሐና ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ እጁን አላነሣም፤ ስለ ምን እንደ ተመታ ግን ጠየቀ። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የወኅኒው በር ተከፍቶለት ሳለ አላመለጠም፤ በነጋ ጊዜ ግን ያለ ፍርድ መደብደቡን ተናግሮ፣ ሹሞቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አደረገ። ለእኛም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንዲህ ያለ መንገድ ሰጥቶናል። የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፤ አማርኛ የማይገባው ገበሬ ቢሆን በአውኛ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊሱ ያጠፋ እንደ ሆነ ጥፋቱን የምንናገርበት ቦታ ችሎት ነው እንጂ የአስፋልት ዳር አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእውነተኛ ወዳጅ ሥራ ከፊሽካው በፊት ይጀምራል። ጓደኛችሁ ብርጭቆ ሲያነሣ ቁልፉን ተቀበሉት፤ ቢቈጣም ታገሡት፤ ሲነጋ ያመሰግናችኋል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ቢያዝ ደግሞ በጸጥታ እንዲሄድ ምከሩት፤ በየትኛው ጣቢያ እንዳለ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ምግብ አድርሱለት፤ ዋስ ፈልጉለት፤ ወደ ንስሐ አባቱም ምሩት። ታስሬ ጠይቃችሁኛልን ብሎ በፍርድ ቀን የሚጠይቀን አምላክ ከእኛ የሚፈልገው ይህን ነው።

ጴጥሮስን ከክህደቱ መልሶ የመንጋው እረኛ ያደረገ አምላክ፣ እኛንም ከስካርና ከቍጣ ይጠብቀን፤ በመንገድ ያሉትንም ሁሉ በሰላም ለቤታቸው ያብቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።