ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብህ

ልጄ፣ ትናንት በስልክ ያጫወትከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዘመዳችን «ሥራህን ልቀቅና ና፣ ቤት እሰጥሃለሁ» አለህ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አላማውም። ግን ያለኸው አሜሪካ ነው። እዚያ ችሎት ብትቆም «ለዚህ ቃል አንተስ ምን ሰጠህ?» ትባላለህ። ኮንሲደሬሽን ይሉታል፤ እኔ አጸፋ እለዋለሁ።

ዳኛ ሳለሁ ያነበብኩት አንድ ፍርድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ1845 አላባማ ውስጥ የተሰጠ ነው። ባሏ የሞተባትን የልጆች እናት የባሏ ወንድም «ነይ፣ ልጆችሽን የምታሳድጊበት ቦታ እሰጥሻለሁ» ብሎ ጻፈላት። የነበራትን መሬት ትታ ሄደች። ሁለት ዓመት በደህና ቤት አኖራት፤ ከዚያ ጫካ ውስጥ ወዳለ የማይመች ቤት አዛወራት፣ በመጨረሻም ውጪልኝ አላት። 200 ዶላር ተፈርዶላት ነበር፤ የበላይ ፍርድ ቤቱ ግን ቃሉ ቸርነት እንጂ ውል አይደለም ብሎ ሻረው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚላት አይጠፋም። እኔ አልላትም፤ ዘመድ አምና ነው የሄደችው።

ኒውዮርክ ላይ ደግሞ አንድ አጎት ለወንድሙ ልጅ «21 ዓመት እስኪሞላህ ካልጠጣህ፣ ካላጨስክ፣ ካልተሳደብክ፣ በገንዘብ ካልተጫወትክ 5,000 ዶላር አለህ» አለው። ልጁ ጠበቀ፤ አጎቱ ሳይከፍል ሞተ። የውርስ አስፈጻሚው «የተጠቀመው ልጁ ራሱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ1891 አልተቀበለውም፦ መጠጣትም ማጨስም መብቱ ነበር፣ አጎቱ ስለጠየቀው መተዉ አጸፋ ነው አለ። ያቺ እናት የተወችው መሬት ግን ለቃሉ የተጠየቀ ዋጋ ሆኖ አልተቆጠረላትም።

ዛሬ ቃል አምኖ ለተጎዳ ሰው የሚደርስ ሌላ የሕግ መንገድ አለ፤ እሱን ተማምነህ ግን ጓዝህን አትጫን።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለን አሳድገንሃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1678 ውል ሲያቆም አጸፋ አይጠይቅም። ቤት በስጦታ ሲሰጥ ግን እሱም በአፍ ቃል አይረካም፤ እንደ ግልጽ ኑዛዜ በጽሑፍና በምስክር ካልሆነ ስጦታው አይጸናም።

እንግዲህ ደውልለት። ቤቱን የሚሰጥህ ሱቁን ልትጠብቅለት ነው? ወይስ እናቱን ልትጦርለት? ለስንት ዓመት? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና በወረቀት አስፍሩት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ወዳጅ ከሆነ አይቀየምህም። እስኪፈረም ድረስ ግን፣ ልጄ፣ ሥራህን አትልቀቅ።