ማጥፋትና ጥፋት

በዚህ ከተማ «ስልኬ ጠፋ» ብሎ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ሰሞኑን «ስልኬ አልጠፋም አለኝ» እያልኩ ሳማርር ነው የከረምኩት። አንድ ጓደኛዬ «እግዜርን አመስግን እንጂ ምን ያነጫንጭሃል!» ብሎ ተቆጣኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ስልኬን አጠፋዋለሁ፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ኪሴ እከተዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ራሱን ያበራል። መብራቱ ብቻ ቢሆን እሺ፤ ሲነሳ የሚያሰማው ዜማም አለው።

ይህን ጠባዩን ለሰው ሳላወራ የቆየሁት እስከ እናታችን ሙት ዓመት ድረስ ነበር። ዝግጅቱ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። ድንኳን ተጥሏል፤ ካህናቱ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ቆሟል። ስልኬን አጥፍቼ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ልክ የእናቴ ስመ ክርስትና ሲጠራ ያ ዜማ ከደረቴ ላይ ተነሳ። ሰው ዞሮ አየኝ። አውጥቼ አጠፋሁት። ጸሎቱ ሳያልቅ ደግሞ በራ። እህቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና ቀና ብላ ተመለከተችኝ። «ዛሬ እንኳ?» የሚል አስተያየት ነበር።

ምሳ ከተበላ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር በራ።

እኔና እህቴ ጠብ አለን። ኧረ «ነበረን» ማለት አለብኝ፤ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናልና። እናታችን ሁለት ዓመት ስትታመም የሕክምናዋን ወጪ የቻልኩት እኔ ነኝ። አብራት የኖረችው እህቴ ናት። ከቀብሩ በኋላ ስለ ቤቱ ስንነጋገር «ያሳከምኳት እኔ ነኝ» አልኩ። እሷም «ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አለች። በእነዚህ ሁለት ቃላት የተነሳ ስንት ወር ተኳረፍን። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሰበሰቡን። «የእናታችሁን አጥንት አታስወቅሱ፤ በሉ ተሳሳሙ» አሉን። ተሳሳምን። ቡና ተፈላ። ጠቡ ጠፋ። የጠፋ መሰለን።

በሙት ዓመቱ ዕለት አንዲት አክስታችን ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አይተው «ይኼን ሁሉ ወጪ ማን ቻለው?» ብለው ጠየቁ። ያሉት ይኸንኑ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የታረቅንበት ጠብ ከነዜማው ተነስቶ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

በማግሥቱ ስልኩን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ጥገና ቤት ያገኘሁት ልጅ ስልኩን ተቀብሎ አንድ ጊዜ አገላበጠና «ቦርዱ ነው» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ሌላ ስልክ ለመግዛት ጥቂት የሚቀረው ነው። መቼ ይበራል፣ እንዴት ይበራል ብሎ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። ስልኬን ተቀብዬ ሄድኩ።

መገናኛ አካባቢ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ሁለተኛው ልጅ ግን ስልኩን ከመንካቱ በፊት ይጠይቀኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ እንዳጠፉት ወዲያው ነው የሚበራው ወይስ ቆይቶ?»

«ወዲያው ነው።»

«ቻርጀር ሲሰኩበት ነው ወይስ ሳይሰኩም?»

«ሳልሰካም።»

«ቁርጥ ያለ ሰዓት አለው?»

«ሰዓትም ቦታም አይመርጥም፤ ጸሎት ላይም ይበራል።»

ሳቀና ለምን እንደጠየቀኝ አስረዳኝ። ስልኩ ቻርጀር ሲሰካበት ብቻ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ዓይነቱ ይታያል። አይፎን ጠፍቶ ሳለ ቻርጀር ሲሰካበት ራሱ ይበራል፤ ይኸ ተፈጥሮው እንጂ ሕመሙ አይደለም። በሌላው ግን የቻርጀር መሰኪያው ቆሻሻ ወይም እርጥበት ይዞ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚነሳ ከሆነም፣ አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች በቀጠሮ የሚጠፉበትና የሚበሩበት ማስተካከያ ስላላቸው ባለቤቱ ሳያውቅ ነክቶት ይሆናል። እንዳጠፉት ወዲያው ከተነሳ ግን ወይ ሲዘጋ መንገድ ላይ የሚሰናከል ፕሮግራም አለ፣ ወይ ማብሪያ ማጥፊያው ተጭኖ ቀርቷል። «ፎርማት ማድረግ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ፎቶና ስልክ ቁጥርዎን ሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ። ቦርድ ደግሞ ከመጨረሻውም መጨረሻ ነው» አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። «ስልክ እኮ ጠፋ ሲባልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ጋሼ!»

የአባቴ ሬዲዮ ትዝ አለችኝ። ማጥፊያዋ ቀጭ ሲል ኤሌክትሪኩ ይቆረጣል፤ አለቀ። የዛሬ ስልክ ግን ሲያጠፉት ትእዛዝ ነው የሚቀበለው። የከፈተውን ይዘጋል፤ ያልጨረሰውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ኃይል የሚያከፋፍለውን ቺፕ «በል ቁረጠው» ይለዋል። ያ ቺፕ ራሱ ግን አይተኛም። በጥቂት ኃይል ነቅቶ ቁልፉን ማን ነካው፣ ቻርጀር ማን ሰካ እያለ ይጠብቃል። እንዲያውም አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው አይኦኤስ 15 ወዲህ ብዙዎቹ አይፎኖች ከጠፉም በኋላ ያሉበትን ቦታ ለባለቤታቸው ማመልከት ይችላሉ። ቁልፉ ተጭኖ ከቆየ ቺፑ ባለቤቱ «ብራ» ያለው ይመስለዋል። «ስልኩ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው» አለኝ ልጁ።

ከዚያ መፍቻ ሳያነሳ፣ ስልኩን አጥፍቶ ከነከቨሩ ጨበጥ አደረገው። በራ። ከቨሩን አውልቆ አጠፋውና እንደገና ጨበጠው። አልበራም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጠበቅን። አሁንም አልበራም። ለካ ከቁልፉ ላይ የምታርፈው ጎማ ተጣምማ ኖሮ፣ ኪስ ውስጥ ትንሽ ስትጨቆን ቁልፉን ትጫነዋለች። ቀን ቀን ስክሪኑ በራሱ ቦግ እልም የሚለውም ለዚሁ ነው። ያን ወፍራም ከቨር የገዛሁት ስልኬ ወድቆ እንዳይሰበርብኝ ነበር።

«ስንት ልክፈል?» አልኩት። «ከቨር ላወለቅኩበት?» ብሎ ሳቀብኝ። የሻይ ሰጥቼው ወጣሁ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ግን የልጁ ንግግር አልለቅህ አለኝ። አማርኛችን መብራት ለማጥፋትም ሰው ለመበደልም አንድ ቃል ነው የሰጠን። «አጠፋሁ» የሚል ሰው ኩራዙን ይሁን በደሉን የሚናገር የሚለየው በወሬው መካከል ነው። እኔና እህቴ ሽማግሌ ፊት ቀርበን ጠባችንን አጠፋን። ከሁለታችን «አጥፍቻለሁ» ያለ ግን አልነበረም። የጠየቀንም የለም።

ታዲያ ዕርቅ ማለት ዝም መባባል ነው? ሽማግሌዎቻችንን አልወቅስም። ቤት ሲነድ መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል እንጂ ከየት ተነሳ እየተባለ አይመረመርም። ግን እሳቱ ጠፋ ተብሎ ምርመራው ከቀረ፣ ያ ቤት ነገም መንደዱ አይቀርም። እኛ ጠቡ ዳግም ሲነሳ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው፣ ታርቀው አልነበር?» እንላለን። የጠብ ዳግም መነሳት ግን የሚነግረን ነገር አለው፤ አንድ ቦታ ተጭኖ የቀረ ቁልፍ አለ ማለት ነው።

ስለ እህቴ ለወራት የሰጠሁት ምርመራ እንደ መጀመሪያው ልጅ ነበር። «ቂመኛ ናት፤ ተፈጥሮዋ ነው» እል ነበር። «ቦርዱ ነው» ማለቴ ነው። ሰውን «ቦርዱ ነው» ማለት ትልቅ ምቾት አለው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም መጠየቅ አያስፈልግማ! እስቲ እንደ ሁለተኛው ልጅ ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። ጠባችን መቼ ነው የሚነሳው? በየበዓሉና በየመታሰቢያው፤ ቀጠሮ አለው። ማን ሲሰካበት? ቻርጀር የሆኑ ዘመዶች አሉን፤ አክስታችን አንዷ ናቸው። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን እሳቸው የጠየቁት ስለ ድግሱ ብቻ ነበር። «የሆስፒታሉንስ ማን ከፈለ?» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ አለ። የመድኃኒት፣ የአልጋ፣ የምርመራ። ክፉ ቀን ቢመጣ ራሴን የምከላከልበት ብዬ ያኖርኩት ነው። ከዕርቁ በኋላም አልጣልኩትም። እህቴ ደረሰኝ የላትም። እናታችንን ሌሊት ለሌሊት ላገላበጠችበት፣ ላጠበችበት፣ ሥራዋን ትታ ለተቀመጠችበት ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። በተነጋገርን ቁጥር እኔ ቁጥር አለኝ፤ እሷ እንባ ብቻ። እንዳልሰበር ብዬ የለበስኩት ነገር ነው ለካ ቁልፉን ሲጫን የኖረው።

እንግዲህ ሁሉም ጠብ ከቨር በማውለቅ ይድናል አልልም። ልጁን «ባትሪው ቢሆንስ ኖሮ?» ብዬው ነበር። «ካበጠማ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ ይውጣ» ነው ያለኝ። ዛሬም «ለልጆችሽ ስትዪ» እየተባለች ወደ ደብዳቢዋ የምትመለስ ሴት አለች። እሷን «መጀመሪያ ከራስሽ ጀምሪ» ማለት ምክር ሳይሆን ግፍ ነው። የተበደለ ሰው ጥፋቱን ከራሱ ላይ የመፈለግ ዕዳ የለበትም። ግን ስንቶቻችን ነን የእኛ ጠብ ያበጠ ባትሪ ነው እያልን ከቨራችንን ያልነካነው? ከቨር ማውለቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ አይፈጅም፤ ስለዚህ ከእሱ መጀመር ነው። የሚከብደው የገዛ እጃችን ያጠለቀው በመሆኑ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ቤት ሄድኩ። የቤቱ ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ደረሰኞቹም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ብቻ ቡናው እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ «አጥፍቻለሁ» አልኳት።

ከረከቦቱ ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። «ምኑን? ስልክህን?»

«እሱንም» አልኳት።