ካሜራ ለያዛችሁ የአቦምሳ ልጆች

ልጆቼ፣ ባለፈው ክረምት ሁለታችሁ ቤቴ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ፊልም ልንሠራ ነበር፤ ገንዘብ የሚያወጣልን ሰው አጣን» ስትሉኝ በቂ መልስ አልሰጠኋችሁም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

መልሴን በፊልም ሠሪው በኃይሌ ገሪማ ልጀምር፤ የጎንደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገብቶ ቺካጎ ትወና፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ፊልም ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ፣ የንጉሡ መንግሥት በሚንገዳገድበት በ1974፣ ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ለባላባት የሚያርስ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሣ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስደው ይህ ሥራ በሁለት ሳምንት ነው የተቀረጸው። እንዲህ መሥራት የሚችለው የሚናገረውን ለዓመታት በሆዱ ይዞ የቆየ ሰው ነው። እናንተ ካሜራው በእጃችሁ ነው፤ ስልካችሁ ያኔ እሱ ከነበረው መሣሪያ በብዙ ነገር ይበልጣል። የምትሉትን ግን ይዛችኋል?

ገንዘቡን በተመለከተ «ሳንኮፋ»ን አስቡ። ስለ ባርነት የሚናገረውን ይህን ፊልም ለመሥራት ገንዘብ ሲለቃቀም ዘጠኝ ዓመት ሄደ። በ1993 አልቆ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ፤ ሆኖም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስደውም አሉ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ፊልሙን ርካሽ አድርገው አልሸጡትም። ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። ኋላም በዋሽንግተን፣ እሱ ለብዙ ዓመታት ፊልም ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» 15 ዓመት አለ። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በማግሥቱም ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ተሸለመ። ሽልማቱ ያስደስታል፤ እኔ ሰውየውን የማከብረው ግን ሥራውን ከእጁ ባለማውጣቱ ነው።

ይህን የምለው እኔ ከእጄ ስላወጣሁ ነው። በጎልማሳነቴ ሦስት ዓመት የደከምኩበትን የፊልም ጽሑፍ «አንብቤ እመልሳለሁ» ላለኝ ሰው ያለ ውል፣ ያለ ምስክር ሰጠሁት። ታሪኩን ኋላ በሌላ ርዕስ፣ በሌላ ሰው ስም አዳማ ላይ አየሁት። ሰውየውን አልጠራውም፤ እናንተ ግን ተማሩበት። አገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) አላት። አንብቡት። ከጓደኛችሁም ጋር ቢሆን ድርሻችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ የተዋናዩን፣ የቀራጩን፣ የድምፅ ባለሙያውን ሁሉ።

ለእኛ ለአርሲ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ነው። መነሻው እዚሁ አርሲ የሆነ እውነተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ታዳጊ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ቆመውላትም ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። የርዕሱን ብልሃት ተመልከቱ፤ ድፍረት አንድም ጀግንነት ነው፣ አንድም የተደፈረች ልጅ በደል። ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት «ፈቃዴን አልተጠየቅሁም» ብላ ነበር። በኋላ ጉዳዩ ተፈትቶ ፊልሙ ታየ።

በእነሱ መካከል ልፈርድ አልተነሣሁም። ለእናንተ ግን አጥብቄ እላለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ከሆነ ካሜራ ከመያዛችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ፣ ቡናውን ጠጡ፣ የጻፋችሁትን አንብቡለት። እምቢ ካለ ተዉት። እሺ ካለ ድርሻውን በውሉ ላይ አስፍሩ። ያለ ፈቃዱ ከወሰዳችሁበት፣ እኔ ለጽሑፌ የተቆጨሁትን ያህል እሱም በሕይወቱ ይቆጫል።

«እዚህ ምን ታሪክ አለ?» ያላችሁኝን ግን አልቀበልም። የእኛን የመርቲን ስም አገሩ ሁሉ ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ አንብቦታል፤ ቲማቲሙን በዚያ ፀሐይ የለቀመችውን ሴት በፊልም አላየኋትም። የኑራ ኤራ እርሻን ብርቱካን ሸክም ያነሡ አባቶች በየሰፈራችሁ አሉ። ደግሞም እነሱ በአፋን ኦሮሞ ሲያወሩ ትሰማላችሁ፣ በአማርኛም ትጽፋላችሁ፤ ከሩቅ የሚመጣ ፕሮዲዩሰር ይህን በገንዘብ አይገዛውም። ሰዎቹ በቋንቋቸው ይናገሩ፤ የግርጌ ጽሑፍ ለሌላው ይበቃል።

ከእናቶቻችሁ ጎረቤቶች መካከል ለቀማ ውላ የምትገባ አንዲት ሴት አትጠፋም። በዚህ ሳምንት ካሜራችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱና አናግሯት። የነገረቻችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ለእሷ አንብቡላት፤ ከዚያ ለእኔ አምጡልኝ።