አመዴ የሌለበት መቅደላ

የመቅደላን ታሪክ በፊልም የሚሠራ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይሥራው ማለት ይቀናኛል። የአቀስታ ሰው ነኝና አምባው ሩቄ አይደለም። ግን እንዲህ ካልኩ የወሎዋን ገዥ ወይዘሮ ወርቂትን ምን ላደርጋት ነው? በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እሷ ዘንድ ሲደርስ፣ ልጇ አመዴ ሊበን በአፄ ቴዎድሮስ እጅ እንደታሰረ ነበር። እሷ አሳልፋው ምኒልክ ወደ ሸዋ ሄደ፤ በዚህ ቂም አመዴ ተገድሎ ገደል ተጣለ። እናቲቱ በልቧ ያለችውን ገብቶ የጻፈ የለም። ፊልም ሠሪው ወይ ቃል ይፈጥርላታል፣ ወይ ዝም ያሰኛታል፤ ዝምታዋም ቢሆን የእሱ ፈጠራ ነው። እንግዲህ መጨመርን ከነውር አልቆጥረውም።

ልብሱና አገሩ ትክክል ከሆነስ ይበቃል? «አቡነ መሲያስ» የተባለውን የጣሊያን ፊልም አስባለሁ። በወረራው ዘመን እዚሁ አገራችን ተቀርጾ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ወሰደ። ተራራው የእኛ፣ ሰዉም የእኛ፤ ትረካው ግን የወራሪው። ጋሻና ጎራዴ መቁጠሩንም ተውኩት።

የሚያስቸግረኝ መቀነሱ ነው። ሁለት ሰዓት ሁሉን አይችልም፤ የግድ የሚዘለል አለ። ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ መቅደላ እስኪደርስ የተጎተተበትን መንገድ በሁለት ደቂቃ ቢጨርሰው ግድ የለኝም። አመዴን ቢዘለውስ? በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ሲመጣ የአምባውን መውጫ የዘጉት የሌላዋ የወሎ ገዥ የወይዘሮ መስታወት ሰዎች፣ ወሎዎች ናቸው። ተመልካቹ ንጉሡ በወሎ ላይ ያደረገውን ዘመቻ፣ የአመዴንም ሞት ሳያይ እዚህ ቢደርስ፣ ያ ሁሉ ሰው ለእንግሊዝ ያደረ ባንዳ ይመስለዋል። አንድም ውሸት ሳይነገር! የሰውን ድርጊት አሳይቶ ምክንያቱን መቁረጥ፣ ያልተባለ ንግግር ከመጨመር ይልቅ ይከብደኛል።

ወይስ ወሎዬ ስለሆንኩ ነው አመዴን የሙጥኝ የምለው? ይህን ጥርጣሬ ገፍቼ ልጥለው አልቻልኩም። የቴዎድሮስ አገር የቋራ ሰው እንዳይነካበት የሚፈልገው ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ በፋሲካ ማግስት፣ ብዙው ሰው ከድቶት፣ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከለት ሽጉጥ ጥይት የጠጣበት። እኔም ያንን ሰዓት ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ከፊልሙ እንዲወጣም አልሻም። ሁለቱም ይግቡ። ቴዎድሮስን የምወድበት ልብ አይጠፋኝም፤ ወርቂት ባለችበት ትዕይንት ላይ ግን እንድወደው ማንም አይጠይቀኝ።