ከመንገዱ ማዶ ያለው ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ እናትሽ «ይህቺ ልጅ ከስልኳ ጋር ተጋብታለች፤ አንተ ምከርልኝ» ብላ ላከችብኝ። ምን እንደምታዪ ሳላውቅ ምን ብዬ ልምከርሽ? ስለዚህ ያን «ላቭሊ ራነር» የሚሉትን የኮሪያ ድራማ 16ቱንም ክፍል ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሁለት ቦታ ላይ አስለቅሶኛል፤ ይህ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር።

እናትሽም ብትሆን ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለችም። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር በቱርኮቹ ተከታታይ ድራማ ሰዓት ቡና እንኳ አታፈላልንም ነበር። ያን ሁሉ ልብ የሚሰውረው ድምፅ ደግሞ የቱርኩ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክ ፊት የቆመ የኛው ሰው ድምፅ ነው።

ወደ ድራማሽ ልመለስ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኢም ሶል በአደጋ እግሯ አልታዘዝ ብሎ፣ መኖር ባስጠላት ሰዓት፣ ሰን-ጄ የሚባል ዘፋኝ በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ደውሎ ያጽናናታል። ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ሰን-ጄ፣ ሰን-ጄ ሆነ። እሱ ሲሞት ጊዜ ወደ ኋላ ይወስዳትና ልታተርፈው ትፍጨረጨራለች። አንቺ የያዝሽው «አድናቂዋ ኮከቧን አገኘችው» የሚለውን ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ሰን-ጄ ከቤቷ ፊት ለፊት የሚኖር፣ ትከሻውን የሚያመው ዋናተኛ፣ አባቱ የጎድን ጥብስ ቤት ያለው የሰፈር ልጅ ነበር። ዝናብ ላይ ቢጫ ጃንጥላ ካስጠለለችው ቀን ጀምሮ ቀድሞ የወደዳት እሱ ነው፤ እሷ ልብ አላለችውም። አየሽ፣ ደራሲዋ ሁለቱን ለማዋደድ 15 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነባት። መድረክ ላይ ባለው ሰውና ከታች በምትጮኸው ልጅ መካከል ፍቅር ማብቀያ አፈር አላገኘችም።

ማድነቁን ግን አልነቅፍም። መናኸሪያ አጠገብ ካሴት በምሸጥበት ዘመን የሻሸመኔና የዲላ ረዳቶች ሲጣሩ እኔ ከነሱ በላይ ዘፈን እለቅ ነበር። ከይርጋለም የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ካሴት ስትገዛ መጀመሪያ ሽፋኑን አውጥታ እጥፋቱን በጥፍሯ ታቃናና ደብተሯ ውስጥ ታስገባዋለች። ክሩን ቴፕ ሲበላባት በእስክሪብቶ እያጠነጠነች ታድነዋለች። የዘፋኙ መልክ ብቻ አልነበረም የያዛት፤ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ ሁሉንም በቃሏ ታውቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ አድንቂ፤ ማን ከለከለሽ!

በኛ ጊዜ ከጥላሁን ገሠሠ በላይ ኮከብ አልነበረም። እሱ ግን በክብር ዘበኛ ባንድ ሲዘፍን ደመወዝተኛ ነበር። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ ሆነ። በኋላም ስኳር በሽታ እግሩን አስቆረጠው፤ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ። ዘፈኑን ሁላችንም «የኛ» እንል ነበር። ሌሊት ተነስቶ ውኃ የሚያቀብለው ግን የቤቱ ሰው እንጂ አድናቂ አልነበረም።

አሁን ስለ ብር። ላይቭ ላይ ጽጌረዳና አንበሳ የሚባሉትን ስጦታዎች የምትልኪው በእናትሽ ብር ነው፤ ከፊሉንም የላይቩ ባለቤት ኩባንያ ይወስደዋል። ከዚህ የባሰውም አለ። አንዲት ፈረንሳዊት «ብራድ ፒት ነኝ፣ ኩላሊቴን ታምሜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ» ላላት አጭበርባሪ 830 ሺህ ዩሮ መላኳ በጥር 2017 ዓ.ም. ዓለምን አነጋግሮ ነበር። የላከላት ፎቶ ሁሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነበር። ሴትዮዋ ሞኝ አልነበረችም፤ ብቸኛ ነበረች። እና በውስጥ መስመር ገብቶ «እኔ ነኝ፣ በቴሌብር ላኪልኝ» የሚልሽ ኮከብ ከመጣ፣ መልስ ሳትሰጪ ዝጊውና ለእናትሽ አሳዪያት።

አንድ የሰፈር ልጅ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንብላ ቢልሽ «አንተ እንደ ሰን-ጄ አይደለህም» ብለሽ መለስሽው አሉ። ሰን-ጄም እኮ ያኔ እንደ ሰን-ጄ አልነበረም! ልጁን ካልወደድሽው አትውደጂው፤ ማንም አያስገድድሽም። ምክንያቱ ግን የራሱ ጠባይ ይሁን እንጂ ሴኡል ያለ ተዋናይ አይሁን። ዓሣውን እሄዳለሁ ካልሽም ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ፣ ሒሳቡን ተካፈሉ፣ ሳይመሽም ግቢ።