ለሚያድግ ልጅ የሚመረጥ ዱላ

ሰው ለልጁ አንድ ዕቃ ሲገዛ ወይም ሲሠራ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች በፊቱ ይቆማሉ። አንደኛው ዛሬ በዓይኑ የሚያየው ትንሽ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ነገ አድጎ ይመጣል ብሎ በሐሳቡ የሚያየው ሰው ነው። ሁለቱ በስም አንድ ናቸው፤ ልካቸው ግን አንድ አይደለም። ለአንደኛው የሚበቃው ለሁለተኛው ያጥራል፤ ለሁለተኛው የሚስማማው አንደኛውን ይከብደዋል። እንግዲህ ሰጪው የማንን ልክ ይዞ ይስጥ? ይህ ጥያቄ ወላጆችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን እናንተ ወጣቶች ዛሬ ተቀባዮች ናችሁ፤ ነገ ደግሞ ሰጪዎች ትሆናላችሁና ከአሁኑ ብታስቡበት መልካም ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ ለከተማችን እንግዳ የሆነ ነገር፥ የጎልፍ ዱላ ነው። ባለፈው ዓመት ገና ሲቃረብ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ሰው ከሚኖርበት ከአሜሪካ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ጭሮ መጣ። የዘጠኝ ዓመት ልጁንም አስከትሎ ቤቴ ገባ። ቡና እየጠጣን ሳለ፥ ልጁ በሚኖሩበት አገር የጎልፍ ጨዋታ እንደ ጀመረ አጫወተኝና፥ «ጋሼ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እርስዎ ጨዋታውን አያውቁት ይሆናል፥ ልጅን ግን ያውቃሉ» አለኝ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። የሚስቱ ወንድም አሮጌ ዱላዎቹን በነፃ ሊሰጠው ዝግጁ ነው፤ በመጋዝ ቢቈረጡ ለልጁ ቁመት ይደርሳሉ። ሁለተኛው መንገድ ለልጁ ለዛሬ ቁመቱ የተሠሩትን መግዛት ነው፤ እነርሱ ግን ዋጋ ያስወጣሉ፥ ሁለት ዓመትም ሳይቆዩ ያጥሩታል። ሦስተኛው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተሠሩትን ገዝቶ እስኪደርስባቸው መጠበቅ ነው። «የእኔ ልብ ወደ ሦስተኛው ያደላል» አለ፤ «ያድግበታል ብዬ ነው።»

ስለማላውቀው ዕቃ መፍረድ አልወደድሁምና አስረዳኝ አልሁት። እርሱም የሚያውቀውን ሁሉ በትዕግሥት ነገረኝ። የጎልፍ ዱላ ሦስት ክፍል አለው፤ ኳሱን የሚመታው ራስ፥ ረዥሙ ዘንግና የሚጨበጠው እጀታ ናቸው። ዘንጉ ከብረት ወይም ከካርቦን የሚሠራ ሲሆን፥ ተጫዋቹ ሲያወናጭፈው ጥቂት ይለመጣል፤ ይህም መለመጥ ምቱን ይረዳዋል። የአዋቂ ዱላ በመጋዝ ሲያጥር ግን ዘንጉ ይደርቃል፤ በልጅ ጕልበት አይለመጥም። የራሱ ክብደት የአዋቂ ክብደት እንደ ሆነ ይቀራል፤ እጀታውም ለትንሽ መዳፍ ወፍራም ነው። ስለዚህ የተቈረጠ የአዋቂ ዱላ አጭር የአዋቂ ዱላ ነው እንጂ የልጅ ዱላ አይደለም። ልጁ ክንዱ የማይችለውን በትከሻውና በወገቡ ሊያነሣ ይሞክራል፤ ሰውነቱን ያጣምማል፤ ያ መጣመም ልማድ ይሆንበታል። ሲያድግ ዱላው ይስማማዋል፤ የተጣመመው አመታት ግን አብሮት ይኖራል።

የረዘመውም ዱላ እንደዚሁ ነው። ልጁ ከኳሱ እንዲርቅ ወይም ወደ ኋላ እንዲለጠጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ዱላውን የሚመርጡት በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው፤ የአንድ ዘመን ልጆች ቁመታቸው ይለያያልና። ብዛቱም ቢሆን የአዋቂ ልክ አያስፈልገውም። የጨዋታው ሕግ ከ1930ዎቹ እ.አ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል፤ ለጀማሪ ልጅ ግን አራት ወይም አምስት ይበቃዋል። እነርሱም አንድ ሩቅ የሚሰድ፥ አንድ ሁለት የመካከለኛ ርቀት፥ አንድ ለቅርብ፥ አንድም ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ናቸው።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ፥ «ታዲያ መልሱን ይዘኸው ሳለ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አልሁት። እርሱም ሣቀና፥ «ጋሼ፥ እኔ ያደግሁት እያደግህ ትደርስበታለህ በተባለ ጫማ ነዋ!» አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ለመስከረም የሚገዛ ጫማ ከእግር ይሰፋል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወተፍበታል። የኮት እጅጌ ይታጠፋል፥ የቀሚስ ዘርፍ ወደ ውስጥ ይሰፋል። ይህ የድኻ ወላጅ ጥበብ ነው፤ የሚነቅፈው ሰው ብር ቈጥሮ ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ብቻ ነው።

ነገር ግን ለሰው በሚሰጥ ዕቃ መካከል ልዩነት አለ። አንዳንዱ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ያስተምራል። ኮት ይሸፍናል እንጂ ክንድን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አያስተምርም፤ ስለዚህ ቢሰፋ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዱላ፥ ብዕር፥ መጽሐፍ፥ መዶሻ ግን የያዛቸውን እጅና አእምሮ ይቀርፃሉ። በሚሸፍነው ነገር መቈጠብ ይቻላል፤ በሚያስተምረው ነገር መቈጠብ ግን ዕዳው በልጁ ላይ ይወድቃል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከተማርኋቸው ታሪኮች አንዱ ትዝ አለኝ። ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ ረዥም ሰው ነበር። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ፥ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው፥ ሰይፉንም አስታጠቀው። ሳኦል ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ያለውን ምርጥ ነገር ሰጠ። ዳዊት ግን ሊራመድ አልቻለም፤ አውልቆ ወንጭፉንና አምስት ድንጋይ ይዞ ሄደ። ዳዊት ማውለቅን ያውቅ ነበር። ብዙ ልጅ ግን ይህን አያውቅም። ዱላው ከበደኝ አይልም፤ እኔ ደካማ ነኝ ይላል። ዋናው ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የዕቃውን ጥፋት ልጁ የራሱ ጥፋት አድርጎ ይቀበለዋል፤ እኛም ዝም ብለን እናየዋለን።

ይህን የምናገረው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በአንዲቱ ሳስተምር፥ በ7ኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረኝ። በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ትምህርቱን በአማርኛ ጀምሮ በዚያ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ መሻገሩ ነበር። በቍጥር ላይ የነበረውን ደስታ ሳይ ልቤ ጓጓ። ይህ ልጅ መሐንዲስ ይሆናል አልሁ፤ ያን መሐንዲስ በሐሳቤ ሳይ በፊቴ የተቀመጠውን ልጅ ማየት ተውሁ። የ10ኛ ክፍል የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰጠሁት። እርሱም እኔን ላለማሳፈር ሲል ሳይገባው በቃሉ ያጠናው ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ ቍጥርን መፍራት ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ትምህርቱን ተወ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሒርና ገበያ ላይ ጫት ሲያስጭን አገኘሁት። የስንቱን ዙርባ ሒሳብ ያለ ወረቀት፥ ያለ ስልክ፥ በአንድ ትንፋሽ አስልቶ ለሾፌሩ ነገረው። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ በፍቅር ስሞኝ፥ «ጋሼ፥ እኔ እኮ ድሮም ሒሳብ አይሆነኝም ነበር» አለኝ። እኔም እዚያው ቆሜ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ይህን ታሪክ ለእንግዳዬ ነገርሁት። እርሱ ግን የጥሩ ተማሪ ልማድ አልተወውምና መከራከሪያ አመጣ። «ታይገር ዉድስስ? የጀመረው አባቱ በቈረጠለት ዱላ አይደለምን?» አለኝ። ይህ ሰው በ1975 እ.አ.አ. በካሊፎርኒያ የተወለደ፥ በ1978 በሁለት ዓመቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኳስ ሲመታ የታየ፥ በ1997 ደግሞ በ21 ዓመቱ ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር በ12 ምት ልዩነት ያሸነፈ ነው። በሕፃንነቱ የያዘውም አጥሮ የተቈረጠ ዱላ ነበር።

ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ሁለት መልስ ግን አለው። አንደኛ፥ በተቈረጠ ዱላ ጀምረው እጃቸው ተጣሞ የተዉትን ልጆች ማንም አልቈጠራቸውም፤ ያሸነፈ አንድ ሰው ይታያል፥ የቀሩት ብዙዎች አይታዩም። ሁለተኛ፥ አባቱ ኧርል ዉድስ ራሱ ጨዋታውን የሚወድና ልጁን አጠገቡ አድርጎ ያሠለጠነ ሰው ነበር። ዱላው ጎደሎ ቢሆን እንኳ የአባቱ ዓይን ጎደሎውን ይሞላዋል። እንግዲህ ነገሩ የዋጋ አይደለም። ውድ ዱላ ገዝቶ ልጁን የማያይ አባት አለ፤ አሮጌ ዱላ ቈርጦ ልጁ ሲጐብጥ የሚያይ፥ አይቶም የሚያስተካክል አባት አለ። ሁለተኛው ይሻላል።

የእኔ አባት ጎልፍ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ነገር ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተማችን አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረበት ጊዜ፥ ታኅሣሥ በገባ ቍጥር ለገና ጨዋታ ዱላ ይቈርጥልን ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ተራራው ይወጣና ጫፉ በተፈጥሮው የቈለመመ ወይራ ወይም ክትክታ ፈልጎ ያመጣል። ከዚያ «ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎ ዱላውን በጎኔ አስደግፎ ይለካኛል። ሩሩን አንድ ሁለት ጊዜ አስመትቶኝ ካየ በኋላ በቢላዋ ይቀንሰዋል፥ ይጠርበዋል። ያለፈው ዓመት ዱላዬ ለታናሽ ወንድሜ ይተላለፋል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ከእኛ ጋር ስለሚጫወቱ ለእነርሱም ይቈርጣል። ገንዘብ አላወጣም፤ የሚያወጣው አንድ ማለዳ ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፥ በየዓመቱ ዱላ መቍረጡ በየዓመቱ ልጁን እንደገና ማየት ነበር። አምና የነበርሁትን ልጅ በሐሳቡ ይዞ አልቀረም፤ ወደፊት የምሆነውንም ሰው አስቀድሞ አልቸኰለም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው የአገራችን ተረትም ይህንኑ ይላል፤ ንፍጡ የዛሬ ነውና።

አንዳንድ ሰው፥ «እንዲህ ከሆነ ልጅ ሁሉ በምቾት ያድግና ሲከብደው ይሰበራል» ይል ይሆናል። እኔ ሸክም አይኑር አላልሁም። ልጅ ጥሮ የሚያነሣው ሸክም ያጠነክረዋል፤ ተጣሞ ካልሆነ የማያነሣው ግን ያጣምመዋል። ደግሞም በሌላው ወገን የሚያጠፋ ወላጅ አለ። ልጁ አድጎ ሳለ የአምናውን አጭር ዱላ ይዞ እንዲጐብጥ የሚያደርግ፥ ልጄ ገና ሕፃን ነው እያለ መወሰንን የሚከለክለው ነው። እርሱም ልጁን አላየውም።

በጎልፍም ቢሆን ጥቂት ትርፍ ይፈቀዳል አለኝ እንግዳዬ። ልጁ እጀታውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ቢይዘው ጥቂት የረዘመ ዱላ አይጐዳውም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ያ ትርፍ ቶሎ ይሞላል። ይህ ልክ ደስ አለኝ። ለነገው ሰው ሁለት ጣት ቦታ ተውለት፤ የቀረውን ሁሉ ለዛሬው ልጅ ስጥ። የዛሬው ልጅ ከተጐዳ የነገው ሰው የሚመጣበት ሌላ መንገድ የለምና።

በማግሥቱ ሦስታችን ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ዘመዶቹ ማሳ ወጣንና ከዳሩ አንድ የቈለመመ ክትክታ መረጥሁ። ለልጁ የገና ዱላ ቈረጥሁለት። ልጁ ሩሩን ሁለት ጊዜ ሲመታ ወገቡ ወደ ጎን ሲጣመም አየሁ። «ከበደህ እንዴ?» አልሁት። እርሱም በተሰባበረ አማርኛው፥ «አይ፥ እኔ ነኝ ያልቻልኩት» አለ።

አባቱ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም አፈርሁ። በዋዜማው ያን ሁሉ ተናግሬ ሳበቃ ዱላውን ያስረዘምሁት በሁለት ዓመት ተመልሶ ሲመጣ እንዲደርስበት ብዬ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ እኔ ላልኖር እችላለሁ ብዬም ይሆናል፤ ሽማግሌ ለልጅ ሲሰጥ ለራሱ ዕድሜም እየሰጠ እንደ ሆነ አይታወቀውም። ቢላዋዬን አውጥቼ፥ «ጥፋቱ የዱላው ነው፤ የዱላውም ጥፋት የእኔ ነው» አልሁትና ሁለት ጣት ብቻ ትርፍ ትቼ ቈረጥሁት። ልጁ እንደገና መታ። ሩሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፥ ልጁም ጮኸ።

ወጣቶች ሆይ፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል የተነገረላት ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ለነቢዩ ለሳሙኤል የሚሆን አንድ ትልቅ ልብስ ሠርታ አላረፈችም። እናንተም መምህር፥ አሠሪ፥ አባት ወይም እናት በሆናችሁ ጊዜ፥ ከእጃችሁ የሚቀበል ሰው «እኔ ነኝ ያልቻልኩት» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። አስቀድማችሁ የሰጣችሁትን ነገር ለኩ። ዛሬም በእጃችሁ ያለው ከብዶአችሁ እኔ ደካማ ነኝ የምትሉ ካላችሁ፥ ዱላውን ማን እንደ ለካው ጠይቁ።