ደረጃሽ ቢወርድ ልብሽ አይውረድ

ልጄ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ላፕቶፕሽን ታቅፈሽ ስትመጪ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። «አጎቴ፣ ጎግል ጣለኝ» አልሽኝ። የምግብ ድረ ገጽሽ ጎብኚ በአንድ ሳምንት በግማሽ ቀንሷል። በዚያው ሌሊት የገጾችሽን ርዕስ ሁሉ ልትቀይሪ፣ ሊንክ ለሚሸጥ ሰው ብር ልትልኪ ተነሥተሽ ነበር። ያን ዕለት ያልኩሽን ዛሬም እደግመዋለሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና በቅድሚያ የወደቀው ምን እንደሆነ ለዪ። የጎግል ሰርች ኮንሶል ያለ ክፍያ የ16 ወር መረጃ ያሳያል። አብረን ስንከፍተው የሽሮና የምስር ገጾችሽ ደረጃ 3ኛ እንደነበረ 3ኛ ነው። የቀነሰው ፈላጊው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሲፈታ የጾም ወጥ የሚፈልግም ይበተናል። ስለዚህ ይህን ሳምንት ካለፈው ወር ጋር አታወዳድሪው። ጾሙ በየዓመቱ ቀኑን ስለሚለዋውጥ ከአምናው ፍስክ ሳምንት ጋር አስተያዪው።

የሠርግ ምግብ ገጽሽ ግን ሠርግ በሚበዛበት በዚህ ወቅት ከ4ኛ ወደ 15ኛ ወርዷል። እውነተኛው ሕመም ይህ ነው። «የሠርግ ምግብ» እና «የሰርግ ምግብ» ብለሽ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ገጽ አስቀምጠሻል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን አስቀሪና የሌላውን አድራሻ ባለሙያዎቹ 301 በሚሉት መንገድ በቋሚነት ወደ እሱ አዙሪው። ሁለቱም አጻጻፍ በአንዱ ገጽ ውስጥ ሊጠቀስ ይችላል።

ጽሑፉም ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልጄ። እናትሽ በስንቱ ድግስ ሽንኩርት አቁላልታለች! ለመቶ ሰው ስንት ዶሮ እንደሚበቃ፣ ቁሌቱ መቼ በርበሬ እንደሚጠጣ፣ እንግዳ ሲበዛ ወጡ በምን እንደሚበረክት ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

ገጽሽ የወረደው ጎግል የደረጃ ሚዛኑን ቀይሮ ከሆነም፣ ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» የተባለው ለውጥ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ፍለጋ 12 ያህሉን ነክቶ ፍሬ የሌላቸውንና የተገለበጡ ገጾችን ዝቅ አደረገ። በዓመቱ «ፔንግዊን» መጥቶ በሊንክ ግዢ የወጡትን አወረደ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የተጀመረው ለውጥ ደግሞ ለመጠናቀቅ 45 ቀን ወሰደ። የጎግል የራሱ ምክር፣ ለውጡ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ ማመዛዘን ነው። ያስተካከልሽው ሥራ ፍሬ እስኪያሳይ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ታገሺ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ጎብኚዎችሽ ሁሉ በጎግል በር ብቻ ከገቡ፣ በሩ የተዘጋ ቀን ቤትሽ ኦና ይሆናል። የወደዱሽን አንባቢዎች በፈቃዳቸው ኢሜይላቸውን ተቀበይ፤ የቴሌግራም ቻናልም ክፈቺላቸው። ስምሽን ጠርቶ የሚመጣ ሰው ደረጃሽን አይቆጥርም።

ነገ ጠዋት ላፕቶፕሽን ከመክፈትሽ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዘሽ እናትሽ ጓዳ ግቢ።